በምህላው ቀን የመራሁት ውሃ

ነገሩ የሆነው አምና ሰኔ ላይ ነው። ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ እኔ ግን ከእትዬ ስመኝ ጋር መንገድ ላይ በተገናኘሁ ቁጥር ዓይኔን የማሳርፍበት አጣለሁ። ለሚስቴ እንኳ አልነገርሁም።

የምኖረው ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው አስፋልት ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። እኛ አገር በሰኔ ወንዝ ጠልፎ ማሳ ማጠጣት ድሮ የሚያስቅ ነገር ነበር። ሰኔ ማለት ጭቃ ነው። አሁን አሁን ግን የዝናቡ ጠባይ ተለውጧል፤ ግንቦት ላይ ጥቂት ቀን ጥሎ ያዘራንና ይጠፋል። አምናም እንዲሁ አደረገን። በቆሎዬ ጉልበት ሳይደርስ ቅጠሉ ይጠቀለል ጀመር። የካቻምናውን አዝመራ በረዶ መትቶብኝ ስለነበር ጎተራዬ ባዶ ነው። ያ በቆሎ ከጠፋ ልጆቼን የማበላው አልነበረኝም።

የቀረችን አንዲት ቀጭን ወንዝ ናት። ውሃዋን በተራ እንመራለን፤ ተራውን የሚያዝዙት የውሃ አባት የምንላቸው አያ አስረስ ናቸው። የዚያን ቀን ተራው የእትዬ ስመኝ ነበር። እትዬ ስመኝ ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤቴ ናቸው። ከኔ ማሳ በታች የበርበሬ ችግኝ አፍልተው ነበር።

ቀኑ ደግሞ የምህላ ቀን ነው። ዝናብ ጠፋ ተብሎ ምህላ ሲያዝ ዶማ የሚያነሳ የለም፤ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ይውላል። ባለተራው ጎህ ሲቀድ ውሃውን ወደ ማሳው መርቶ ይሄዳል፤ ጠባቂ አያስቀምጥም። በምህላ ቀን ውሃ የሚሰርቅ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

እኔ አሰብሁ። ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ ሚስቴን አስቀደምኋት። መንገዱ ጭር ሲል ዶማዬን ይዤ ወረድሁና፣ ውሃው ገና እታች ችግኙ ጋ ሳይደርስ፣ የእትዬ ስመኝን ቦይ በአፈርና በድንጋይ ደፍኜ የኔን ከፈትሁ። ሰው ሳይመለስ እንደነበረው አደርገዋለሁ ብዬ ነበር። ከኮረብታው ላይ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ይሰማል። አፌ ለምዶበት እኔም እግዚኦ እላለሁ፤ እጄ የሰው ውሃ ይመራል።

የተሰነጠቀ መሬት ውሃ ቶሎ አይጠግብም። ይህችን ትልም ብቻ፣ ይህችን ብቻ ስል ምህላው አብቅቶ ኖሯል። ቀና ስል እትዬ ስመኝ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ማሳዬ ዳር ቆመዋል። እግሬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነው፤ ሆዱን የቆረጠው ሰው አልመስልም።

"ተሻለህ ወይ አበባው?" አሉኝ። "ሚስትህ ታመመ ብትለኝ ጊዜ ደንግጨ በዚሁ መጣሁ።"

ከዚያ ውሃውን አዩት።

"አያ አስረስ ቀድመው ነገሩህ መሰል። እኔው ነኝ የቀረውን ውሃ ለአበባው ስጡልኝ ያልኋቸው። በቆሎህ ሲጠወልግ እያየሁ እንዴት ይቻለኛል? የኔው ችግኝ እንደሁ ከጧት ጀምሮ ሲጠጣ አርፍዷል፣ አንድ ሁለት ቀን ይችላል።"

ችግኛቸው አንድ ጣሳ ውሃ እንኳ እንዳልደረሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። እዚያው እግራቸው ላይ ብወድቅ፣ ቦዩንም ብመልስላቸው ጊዜው ነበረ።

"አዎ፣ ነግረውኛል" አልሁ።

ይህን ብዬ ሳልጨርስ አያ አስረስ ከኋላቸው ደረሱ። የመጡት የእትዬ ስመኝን መልእክት ሊነግሩኝ ነበር።

"እግዜር ይስጥልኝ አያ፣ በጊዜ ነገሩልኝ" አሏቸው እትዬ ስመኝ።

አያ አስረስ የተደፈነውን ቦይ አዩ፤ ከዚያም ዳር እስከ ዳር የራሰውን ማሳዬን አዩ። ይህን ያህል መሬት ለማርካት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። መቋሚያቸውን ተደገፉ።

"አዎ፣ ነግሬዋለሁ" አሉ።

ጾመኛ ሽማግሌ፣ ከምህላ መልስ፣ እኔን ላለማዋረድ ብለው ዋሹ። ሲሄዱም ዞር ብለው አላዩኝም።

ዝናቡ በሳምንቱ ገባ። በቆሎዬ ተረፈ። የእትዬ ስመኝ ችግኝ ግን ዝናቡን ሳያይ ደርቆ ቀረ፤ አምና በርበሬ ሳይተክሉ ከረሙ። "ውሃው ጉልበት አጥሮት ነው እታች ያልደረሰልኝ" ይላሉ። መስከረም ላይ እሸት ይዤላቸው ብሄድ፣ ውለታ የማይረሳ ልጅ ነው ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አወሩልኝ።

እውነቱን ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ደጃቸው ደርሻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጠላ ቀድተው፣ መርቀው ሸኙኝ፤ እኔም ጠጥቼ ተመለስሁ። ከስርቆቱም ይልቅ "ነግረውኛል" ያልኋት ቃል ታሳፍረኛለች። አያ አስረስ እስከ ዛሬ ነገሩን አንስተውብኝ አያውቁም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮም ሰማዩ ጠርቶ ቀርቷል። ከነገ ወዲያ ምህላ ይገባል ተብሏል። ትናንት አያ አስረስ ተራ ሲደለድሉ የምህላው የመጀመሪያ ቀን ውሃ ለኔ ደረሰኝ። እትዬ ስመኝ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ ፊቴ መክበዱን አይተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"አይዞህ" አሉኝ፤ "በምህላ ቀን ውሃህን የሚነካብህ የለም።"

አንገቴን ደፍቼ "አሜን" አልሁ።