የአባቴ የቅዳሜ ተሟጋች

አባቴ ለእኔ ስብከት «አሜን» ይላል፤ ለቅዳሜ እንግዳው ግን ወንበሩን ያስጠጋል። ቅናቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ልደብቀው አልፈልግም።

እንግዳው ድሮ ከጎንደር በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ነቀምቴ የቀረ ቤተ እስራኤል ነው። በሰንበት ባጃጅ ስለማይሳፈር ዳገቱን በእግሩ ይወጣል። እኛ ቤት የበሰለ ምግብ ስለማይቀምስ፣ አባቴ ዓርብ ዓርብ ገበያ ልኮ ማንጎ ያስመርጠኛል። አባቴ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው እንግዲህ! እኔ ደግሞ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመርቄ የምሰብክ ልጁ ነኝ። ስሰብክ ሰው ያለቅሳል፤ አባቴ ያንቀላፋል።

ሁለቱ ኢሳይያስን ገልጠው ይሟገታሉ። ስለ ሌሎች የቆሰለው ያ አገልጋይ ለአባቴ ኢየሱስ ነው፤ ለእንግዳው ራሱ የእስራኤል ሕዝብ ነው። ለአንዱ መሲሑ መጥቷል፣ ለሌላው ገና ይመጣል። ስንት ዓመት ሙሉ አንዱ ሌላውን አልረታም። እኔ ማንጎ አጥቤ አቀርባለሁ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያለኝ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ እንግዳው ጉልበቱ አብጦ ቀረ። አባቴ በር በሩን ሲያይ፣ ሄጄ በሰውዬው ወንበር ተቀመጥኩ።

«መሲሑ መጥቶ ከሆነ ተኩላና በግ አብረው የሚኖሩት የት ነው? እስቲ በግጭቱ ከኪራሙ የተፈናቀሉትን ጠይቃቸው» አልኩት። እኔ ሰባኪዋ!

አባቴ መነጽሩን አደረገ። ወንበሩን አስጠጋ።

«ማሎ፣ ኧረ በእግዜር! ምን ነካሽ! መምጣቱ ሁለት ጊዜ ነው። ሰላሙ መጀመሪያ በልብ ነው።»

«በልብ ብቻ ከሆነ ነቢዩ አንበሳውንና ጥጃውን ለምን ጠራ?»

ጠረጴዛውን መታ፤ እኔም መታሁ። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ድንገት መነጽሩን አወለቀ።

«ኢንተለ ኮ» አለኝ፣ ልጄ ሲለኝ እንዲህ ነው፣ «ይሄ የወዳጄ ጥያቄ ነው። እሱ ሲጠይቀኝ እንባው ይመጣል፤ አንቺ ትስቂያለሽ። የራስሽ ጥያቄ የለሽም?»

ነበረኝ። ከእኔ ይልቅ እሱን ለምን ትወደዋለህ? ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ።

«ማንጎውን እንድትወስድለት በፌስታል ላድርግልህ?» አልኩት።

«የበሰለ የበሰለውን» አለኝ፣ ጫማውን እያጠለቀ።