ለሁለት ሙሽራ የተሸጠ ጥለት

ሽሮ ሜዳ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ጋሽ ዋዳ ዓይኔን አስጨፍነው ሁለት ነጠላ አስያዙኝ። «የቱ ነው የእጅ ፈትል?» የፋብሪካውን አነሳሁ።

«ጥሩ» አሉ። «ደንበኛ ብትሆኚ ዛሬ አተርፍብሽ ነበር።»

ጋሽ ዋዳ ከሸማኔነት ወደ ንግድ የገቡ ሰው ናቸው። ወረቀት አይወዱም፤ ጥለቱን ሁሉ በጭንቅላታቸው ነው የሚይዙት። ሕጋቸው አንድ ነበር፦ ለአንዲት ሙሽራ ቃል የተገባ ጥለት ለሌላ አይሸመንም። ከዊንጌትም ከቀጨኔም ደንበኛ የሚመጣልን ለዚህ ነው። ከዓመታት በኋላ ሸሪካቸው ሆንኩ።

ከዚያ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና አንደበታቸው ተያዘ። በወራት ፊዚዮቴራፒ ሁለቱም ተመለሱ፤ አንደበታቸው እንዲያውም ትርፍ ይዞ ነው የተመለሰው።

ዓመት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ሁለት የሙሽራ እናቶች ቀሚስ ሊወስዱ መጡ። ሁለቱንም ዘረጋናቸው፤ ጥለታቸው አንድ!

«ጋሽ ዋዳ፣ ዩኒፎርም ነው እንዴ የሸጡልን?» አለች አንደኛዋ።

እሳቸው የእሷን ትእዛዝ ጨርሶ አልተቀበልኩም ብለው ማሉ። ሲቀበሉ አጠገባቸው ነበርኩ፤ የሌላዋን ትእዛዝ ግን አላየሁም። ሳይመሽ ሠፈሩ ሰማ፦ «ዋዳ በስተርጅና ማጭበርበር ጀመረ።» የአርባ ዓመት ስም በአንድ ቀሚስ ሊሄድ ነው። ምን ልዋሽ፣ እኔም ተጠራጠርኩ።

ማክሰኞ ግን ያንኑ ጥለት ለሦስተኛ ሙሽራ ሊያሸምኑ ሲሉ ደረስኩ። አጭበርባሪ በተያዘበት ዕቃ አይመለስም። ቢረሱ ነው ብዬ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው።

ሐኪሟ ጠየቀች፣ መረመረች። «አባባ፣ ከስትሮክ በኋላ መርሳት ሊመጣ ይችላል። አንጎል የማይፈልገውን ፕሮቲን የሚያስወግድበት መንገድ አለው። ስትሮክ ያንን መንገድ ሊያዳክመው ይችላል፤ ያኔ ፕሮቲኑ ይጠራቀማል። ነገሩ ገና እየተጠና ነው፤ የእርስዎም ይኸው ነው ብዬ አልምልም።»

«ቆሻሻ አንሺዎቹ ቀርተዋል በይኛ!»

«አዝግመው ይሆናል። የደም ግፊት ኪኒንዎን ይወስዳሉ?»

«እጄ ሲመለስ ተውኩት።»

ሐኪሟ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ኪኒኑ እንደገና ተጀመረ። በማግስቱ ሁለቱም እናቶች ቤት አብረን ሄድን። ጋሽ ዋዳ በራሳቸው አፍ ነገሯቸው፦ «ረሳሁ እንጂ አላታለልኩም። ሐኪም አይቶኛል።» አንደኛዋ ጥለቷን ለመቀየር ተስማማች፤ በራሳችን ወጪ አሠራንላት። ወሬውን ያበረደችውም እሷ ነች።

አሁን ትእዛዝ ስንቀበል የጥለቱን ቁራጭ ደብተር ላይ እሰፋና የሙሽራዋን ስም ከሥሩ እጽፋለሁ። ጋሽ ዋዳ ደብተሩን ይጠሉታል። ያዩታል ግን።

ስትሮክ የመታው ሰው እጁ ስለተመለሰ ብቻ ኪኒኑን አይተውም። ቃሉን የሚያከብር ሰው ድንገት ቃሉን ካጠፈ፣ ስሙ ከመጥፋቱ በፊት ሐኪም ይየው።