ያልነበረን ውሻ

በመጋቢት መጨረሻ በረዶው ሲቀልጥ ከመሬቱ የሚነሣ አንድ ሽታ አለ፤ እርጥብ ሣር፣ የከረመ ቅጠልና ክረምቱን ሙሉ በረዶ ሥር ተቀብሮ የቆየ የውሻ ካካ የተቀላቀሉበት። ዘንድሮ ሴንትራል ፓርክ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቴ ወጥቼ ወደ ሥራ ልሄድ ስል ያ ሽታ ድንገት መጣብኝና የመኪናዬን በር እንደከፈትኩ ቆሜ ቀረሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ሆኖ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ከሃቫና ስትሪት ትንሽ ገባ ብሎ በነበረው የኪራይ ቤታችን ጓሮ የቆምኩ መሰለኝ።

እማዬ ውሻ ትፈራ ነበር፣ ትጸየፍም ነበር። መንገድ ላይ ውሻ ስታይ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ናቲን ጎትታ ወደ ማዶ ትሻገር ነበር፤ ጎረቤታችን ሚስ ዶና ጎንበስ ብላ ውሻዋ የጣለውን በፌስታል ስታነሣ ባየች ቁጥር ደግሞ መስኮቱ ጋ ቆማ በሳቅ ፍርስ ትል ነበር። «ይቺ ሴትዮ ጤናም የላት! የውሻ ካካ ቋጥራ ትዞራለች እኮ!» ትለው ነበር ለአባዬ። እኔ ግራ ይገባኝ ነበር። የክፍሌ ልጅ ኤሚሊ ከውሻዋ ጋር አንድ አልጋ ላይ ትተኛ ነበር፣ አፏን ሲልሳት ትስቅ ነበር፤ እኛ ቤት ግን ውሻ በአጠገባችን ካለፈ እጃችንን እንታጠብ ነበር።

በረዶው ሲያልቅ እማዬ፣ ሌክውድ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ በምታርፍበት ቀን፣ ጓሮውን ቆፍራ ጎመን ትተክል ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች ሁለት ትልልቅ ውሾች እንደነበሯቸው እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን ውሾቹ ከሄዱ ስለቆዩና የጣሉትም ነገር በዝናብና በበረዶ ሟሙቶ አፈር ሆኖ ስለነበር ማንም ነገሬ አላለውም። የሦስት ዓመቱ ናቲ አጠገቧ ቁጭ ብሎ አፈሩን እያፈሰ ይቅም ነበር። አባዬ ሲቆጣ እማዬ «ተወው ባክህ፣ እኛም አፈር በልተን ነው ያደግነው» እያለች ትስቅበት ነበር።

የዚያ ዓመት ፋሲካ አባዬ ከታክሲ ነጂ ጓደኞቹ ጋር ቅርጫ ገብቶ የደረሰውን ሥጋ ይዞ መጣ። ጥሬ ሥጋው ቀርቦ ሁሉም ሲበላ ናቲ አፉን ከፍቶ ሥር ሥሩ ስለዞረበት፣ አባዬ ሚጥሚጣ ያልነካት የጥፍር ያህል ቁራጭ በእንጀራ ጠቅልሎ አጎረሰው።

«ኧረ ሕፃን ነው!» አለች እማዬ።

«ትንሽዬ ናት እኮ! ፋሲካ አይደል እንዴ?» አላት። ናቲ ውጦ እንደገና አፉን ሲከፍት ሁላችንም ሳቅን።

ሙቀቱ ሲመጣ ናቲ ቴሌቪዥን የሚያየው አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ ሆነ፤ አመል ነው አልን። አንድ ከሰዓት በኋላ ኩኩሉ ስንጫወት፣ ትንሽ እንዲያጭበረብር ብዬ ግራ ዓይኑን ትቼለት ቀኙን ብቻ በመዳፌ ሸፈንኩት፤ እሱም እየሳቀ ሄዶ ከሶፋው ጋር ተላተመ። «ኖ ፌር! አይ ካንት ሲ!» አለኝ። ከኩሽና ታየን የነበረችው እማዬ መጥታ ቀኝ ዓይኑን በእጇ ከደነችና የሚወዳትን ቀይ መኪና ፊቱ ላይ ይዛ «ይቺ ምንድን ናት?» ስትለው፣ ናቲ እጁን ዘርግቶ አየሩን ይዳስስ ጀመር።

ቅጠሉ ቢጫ እስኪሆን ሐኪም ቤት ስንመላለስ ከረምን። በመጨረሻ አንዲት የዓይን ሐኪም፣ ትል ግራ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ እንደጣለበት ነገረችን። እማዬ ይህን ስትሰማ ሐኪሟን ትታ ወደ አባዬ ዞረች። ለእኛ ቤት ሰው ትል ማለት ኮሶ ነበር፣ ኮሶ ደግሞ ከጥሬ ሥጋ ነው።

«አላልኩህም? ሕፃን ነው አላልኩህም?»

አባዬ ጉልበቱ ላይ የነበረውን ቀኝ እጁን አንሥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ሐኪሟ ግን «ቤታችሁ ውሻ አለ?» ብላ ጠየቀች። እማዬ እንደ ስድብ ቆጥራው «በፍጹም!» አለች። ሐኪሟም ቀስ ብላ አስረዳችን፤ ኮሶ አንጀት ውስጥ የሚኖር ሌላ ትል ነው፣ የዚህኛው እንቁላል ግን ከውሻ ካካ ጋር ይወጣል፣ ካካው ጠፍቶ ከማይታይ በኋላም አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል፣ አፈር የነካ እጁን አፉ የሚከት ልጅም ሳያውቀው ይውጠዋል። እኔ ጥግ ተቀምጬ ነገሩ ሁሉ ተምታታብኝ። ከውሻ ጋር የምትተኛው ኤሚሊ ደህና ናት፤ ከውሻ ስንሸሽ የኖርነው እኛ ግን እዚህ ተቀምጠናል።

«ከሥጋው አለመሆኑን እርግጠኛ ነዎት?» አላት አባዬ።

«ከአፈሩ ሳይሆን አይቀርም» አለችው። እዚህ አገር ሐኪም ይህ ነው ብሎ ቁርጡን አይናገርም፤ አባዬ ደግሞ የሚፈልገው ቁርጡን ነበር።

እማዬ ጎመኑን ከነሥሩ ነቅላ ጣለችው። የመጀመሪያው በረዶ ጓሮውን በሸፈነበት ቀን ከአባዬ አጠገብ ተቀምጣ «ይቅር በለኝ፣ አፈሩን ተወው ያልኩት እኔ ነኝ» ብላ አለቀሰች። እሱ ግን ሥጋውን ያጎረሰበትን እጁን እያየ «ሳይሆን አይቀርም ነው እኮ ሐኪሟ ያለችው» ብቻ አላት። ከዚያ በኋላ እኔንም እሷንም ያጎርስ ነበር፤ የናቲ ተራ ሲደርስ ግን ውኃ ሊያመጣ ይነሣ ነበር።

ሕክምናው ትሉን አጠፋው፣ ጠባሳው ቀረ። ናቲ ዛሬ ከአባዬ በቁመት ይበልጣል፣ በግራ ዓይኑ ከብርሃን በቀር አያይም፣ በመኪና መንዳት ከእኔ እንደሚሻል ይፎክራል። እኔ የትል መድኃኒት በሰዓቱ የሚወስድ ውሻ አለኝ፣ ሳንሸራሽረው ፌስታል ይዤ ነው። በሚስ ዶና ትስቅ የነበረችው እማዬ ቦርሳዋ ውስጥ ፌስታል አይጠፋም፤ ውሻው የጣለውን ትቶ የሚሄድ ሰው ካየች «ኤክስኪዩዝ ሚ!» ብላ ከኋላ ትጠራውና ትሰጠዋለች።

ዘንድሮ ለፋሲካ ሁላችንም እኔ ቤት ነበርን። ናቲ ከአባዬ አጠገብ ጎንበስ ብሎ እንደ ልጅነቱ አፉን ከፈተ። አባዬ የበሰለ ሥጋ ጠቀለለ፣ አነሣው፣ እጁ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፣ ከዚያም ጉርሻውን ናቲ ሳህን ላይ አስቀመጠና «በል ብላ፣ ትልቅ ሰው ነህ» አለው። ናቲም አንሥቶ በላው።

ያን ጊዜ ግራ የገባኝ፣ ያልነበረን ውሻ እንዴት ወንድሜን እንዳገኘው ነበር፤ አሁን እሱን ለጠየቀኝ ሁሉ አስረዳለሁ። የአባዬን እጅ ግማሽ መንገድ ላይ የሚያስቆመውን ነገር በምን እንደሚያወጡት ግን፣ ይኸው እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ አለሁ።