የኤንደል ጥያቄ በመንግሥት በኩል

ቫይኬ ፖስታ ቤት ትሠራ በነበረችበት ዘመን የኢስቶኒያዋ የሂዩማ ደሴት ወሬ ሁሉ በእጇ ያልፍ ነበር። ደብዳቤ ቀርቶ ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ሲሆን ፖስታ ቤቱ ተዘጋ። ሰው ትከፋለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ ቤተ መጻሕፍት ገብታ ሽማግሌዎቹን ኮምፒውተር ላይ እየተሰካ የሚሠራውን የመታወቂያ ካርድ አጠቃቀም ታስተምር ጀመረች። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባል የለ?

«ደጅ አትጥኑ» ትላቸዋለች። «ምንም ጉዳይ ቢኖራችሁ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ መንግሥትን ጠይቁት። የሚስጥር ቁጥራችሁን አስገብታችሁ ፈርሙ፣ አለቀ።» ግብሩንም፣ መድኃኒቱንም፣ የምርጫ ድምፁንም እንዲያ አስለመደቻቸው።

ከተማሪዎቿ ሁሉ ጎበዙ ጎረቤቷ ኤንደል ነበር። ሚስቱ የሞተችበት ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እሱ ዓመት ሙሉ የሚናገረውን ቫይኬ በአንድ ጠዋት ትጨርሰዋለች። የእሷም ባል ከሞተ ወዲህ ኤንደል በጭስ ያበሰለውን ዓሣ በየሳምንቱ በሯ እጀታ ላይ አንጠልጥሎላት ይሄዳል። አንኳኩቶ ግን አያውቅም።

በጸደይ አንድ ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት ከመንግሥት መልእክት ደርሷታል። ኤንደል የመኖሪያ አድራሻውን ወደ እርስዎ ቤት ለማዛወር ጠይቋል፤ የቤቱ ባለቤት እንደመሆንዎ ይስማማሉ? እስከ ዓርብ ካልፈረሙ ጥያቄው ይሰረዛል። ቫይኬ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ልቧ ግን እንደ ኮረዳ ልብ ይዘል ነበር። ብስክሌቷን አንስታ ወደ እሱ ከነፈች።

ኤንደል ደጁ ላይ መረብ ይጠግናል።

«አንተ፣ ልታገባ የፈለግኸው እኔን ነው መንግሥትን?»

ጆሮው ቀላ። «አንቺው ነሽ ያስተማርሽን። ደጅ አትጥኑ አላልሽም?»

«እሱ ለግብር ነው። ለሴት ደጅ ይጠናል።»

«ዝም አይነቅዝም» አለ መረቡን እያየ።

«እኔ ግን ነቀዝኩ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜ ልኩን አብሮኝ ኖሮ አንድ ቀን እወድሻለሁ ሳይለኝ ሄደ። ሁለተኛ ዱዳ አላገባም። በአፍህ ካልነገርከኝ አልፈርምም።»

ኤንደል መረቡን ጠቅልሎ ዓሣውን ወደሚያበስልበት ጭስ ቤት ገባ። በዚያ ሳምንት በሯ ላይ ዓሣ አልተንጠለጠለም። ምነው ምላሴን በቆረጠው እያለች በየጠዋቱ እጀታውን ታያለች። ትፈልገው ነበር፤ ቃሉንም አጥብቃ ትፈልገው ነበር።

ዓርብ ዕለት እያስተማረች ሳለ ኤንደል ለሠርግና ለቀብር የሚለብሰውን ሱፍ ለብሶ ገባ። ቆቡን በእጁ ይጠመዝዛል።

«ቫይኬ» አለ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዞሩ። «ዓሣው ሰበብ ነው። እወድሻለሁ። ብቻዬን መብላት ሰለቸኝ።»

«ይሄ ሰው ድምፅ ነበረው እንዴ?» አለች ከፊት የተቀመጠችው ኤልቪ።

ቫይኬ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። እዚያው በሁሉም ፊት ካርዷን ሰክታ ቁጥሩን አስገባች። ተሳሳተች። ደገመች፤ አሁንም ተሳሳተች። ሦስተኛውን ስትሞክር ካርዱ ተቆለፈ።

«ቁጥሩን የረሳ ስሙንም ይረሳል ስትዪን አልነበር?» አለች ኤልቪ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

አዲስ ቁጥር ለማውጣት ኤንደል በአሮጌ መኪናው ወደ ከተማ ይዟት ሄደ። መንገዱን ሙሉ አወራ፤ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ጀልባው ሞተር፣ እጀታዋ ላይ ዓሣ ሲያንጠለጥል እንዴት ይሮጥ እንደነበረ። ቫይኬ ጣልቃ የምትገባበት ቀዳዳ አጣች። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ቆም አለ።

«ጋብቻ የሚመዘግቡት ማዶ ነው። ጠይቄያለሁ፤ እዚያ የሚስጥር ቁጥር አይቀበሉም። ቆመሽ በአፍሽ አዎ ማለት አለብሽ።»

«አንተስ ትችላለህ?»

«ጠዋት ጭስ ቤት ገብቼ ለዓሦቹ ስለማመድ ነበር።»

«ምን አሉህ?»

«ዝም አሉኝ» አለ ኤንደል። «እኔም እንዲህ ነበርኩ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።»

ቫይኬ የተቆለፈውን ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ክንዱን ይዛ ወደ ማዶ ተሻገረች።