ለአሸንድዬ ያጨድነው ሳር

ዛሬ ፈረንጆች ወፍና አበባ ሊያዩ ከመንደራችን በላይ ያለውን ጋራ ሲወጡ አይቼ ደሜ ፈላ። በደርግ ጊዜ ጋራው ተከልሎ ለእኛ ክልክል ነበር። አንድ ነሐሴ፣ በጥር ልዳር ስለነበር የልጃገረዶች በዓል የሆነው አሸንድዬ ለእኔ የመጨረሻዬ ነበር፤ ከጓደኞቼ ጋር ገብተን ለበዓሉ ወገባችን ላይ የምናስረውን ሳር አጨድን። የጋራው ጠባቂ ነጥቆን፣ እርጥብ ሽታው ከእጃችን ሳይለቅ፣ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በቅሎ አበላው።

አያቴ ደረሱ። «በቅሎዋ ልትጨፍር ነው?»

«ትእዛዝ ነው፣ እናቴ።»

«ለልጅ ክልክል፣ ለበቅሎ የተፈቀደ የሚል ትእዛዝ? እስቲ አንብብልኝ!»

ሳሩ ግን አልቆ ነበር፤ በባዶ ወገባችን ጨፈርን።

ጠባቂው አሁን ሽማግሌ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ «እንደምን አለሽ?» ይለኛል። አንድም ቀን መልሼለት አላውቅም።