የጨርቁ ሕፃን ክርስትና

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን አጭር ሥልጠና ወስጄ ሞላሌ ስመለስ፣ ደብራችን በቅጽሩ ውስጥ ለከፈተው መዋዕለ ሕፃናት መምህርት ሆንኩ። ጠዋት የኔታ ፊደል ያስቆጥራሉ፤ ከረፋድ በኋላ ልጆቹ የእኔ ናቸው። ብርዱ ስለማይቻል ከበግ ፀጉር የተሠራ አሮጌ ባና መሬት ላይ አነጥፍላቸዋለሁ። በባቄላ ይቆጥራሉ፣ በጭቃ በግ ይሠራሉ፣ ከብጥስጣሽ ጨርቅ የሰፋሁላቸውን አሻንጉሊቶች ያዝላሉ።

ከመካከላቸው አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ታናሽ ወንድሟ አርባ ቀኑ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳይነሣ ሞቶ ከቅጽሩ ውጭ ተቀብሯል። ከዚያ ወዲህ እኛ ዘንድ ቃል አልተነፈሰችም።

አንድ ቀን ትንሹን አሻንጉሊት በነጠላዋ ጠቅልላ ቄስ ሆኖ ወደሚጫወት ልጅ ሄደች።

«አባ፣ ልጄን ያጥምቁልኝ» አለች።

ድምፅዋን ስሰማ የያዝኩትን ባቄላ አስቀምጬ ዞርኩ። ልጁም ኮስተር ብሎ «ስሙ ማን ይባላል?» አላት። የሟች ወንድሟን ስም ጠራች። በጣሳ ውሃ አፈሰሰበት፤ እሷ ከባናው ጫፍ ክር መዝዛ ማዕተብ አሰረችለት፤ ሴቶቹ ልጆች እልል አሉ። እሷም እልል አለች።

የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር የሚያፈስ ጣሪያችንን ሊያዩ መጥተው በር ላይ ቆመው ነበር።

«ምሥጢረ ጥምቀት መጫወቻ ሆነ? በቤተ ክርስቲያን ቅጽር?» አሉ።

«አባባ፣ ይስሙኝ፤ ይቺ ልጅ እኮ…»

«ምንም አልሰማም! ለጉባኤው ትነግሪያለሽ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይራው ሥር ተሰበሰቡ። የልጅቷን ነገር ብናገር የእናቷን ሐዘን አደባባይ ማውጣት መሰለኝና ተውኩት። የተነሡልኝ የኔታ ናቸው።

«ልጅ ያየውን ነው የሚጫወት። ጠላ ቤት ያደገ ስካር ይጫወታል፤ እነዚህ ያዩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ታዲያ ምን ከፋችሁ?» አሏቸው።

አንዳንዱ ሳቀ፤ ሊቀ መንበሩ ግን አልሳቁም። ልጆቹ ከእንግዲህ ፊደል ብቻ ይማሩ ተባለ። አሻንጉሊቶቹ በጆንያ ታስረው ዕቃ ቤት ገቡ።

በማግስቱ ልጅቷ መጥታ ባዶውን ጥግ አየችና ቀሚሴን ያዘች።

«ልጁስ?»

«ተኝቷል» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ያን ዕለት እስከ መውጫ ሰዓት በሩን ስታይ ዋለች። ከዚያ በኋላ ዳግም ዝም አለች። ክረምቱ ሲገባም ቤተሰቧ ነቅሎ ዘመሮ ወደሚባል አገር፣ ከአባቷ ወገኖች ዘንድ ሄደ።

በዓመቱ ሊቀ መንበሩ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡ። ባለቤታቸው ልቅሶ ቤት ተቀምጠው የልጅቷን ታሪክ ሰምተው ኖሯል። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያገላብጣሉ።

«ያ አሻንጉሊት የሞተው ወንድሟ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርዎት ነበር፣ አባባ።»

«እውነትሽን ነው፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁ» አሉና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጡኝ። «በይ አውጪላቸው።»

ጆንያውን ስፈታው አይጥ ጨርሶታል። እንደገና ሰፋሁ፤ ጨዋታውም ተመለሰ፤ የዚያ ዓመት ልጆች ባናው ላይ ሠርግም ገበያም ክርስትናም ተጫወቱ። የኔታ ብቅ እያሉ ይስቁ ነበር። እኔ ግን በሳቃቸው መሐል የማስበው ሌላ ነበር፤ ምነው ያኔ ጨዋታውን ለዚያች ልጅ ጥቂት ሳምንት ብቻ በተዉላት እል ነበር።

ሌላ ጊዜ ሞላሌ ገበያ ላይ የልጅቷን እናት አገኘኋት። ጉንጭ ለጉንጭ ከተሳሳምን በኋላ ስለ ልጅቷ ጠየቅኋት።

«ደህና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ውሃ ትቀዳለች፣ ቤት ትጠርጋለች። እንደ እኩዮቿ ጨዋታ አታውቅም፤ ትልቅ ሰው ሆናልኛለች» አለችኝ፣ ደስ እያላት።

ልጅቷ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር።