አልታየሽ እንግዳ የሆነችበት ሳምንት

አልታየሽ ለንደን ውስጥ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አጠገብ ባለ ሆቴል ሃያ ሁለት ዓመት አልጋ አንጥፋለች፤ በቀን አሥራ አራት ክፍል። እሷ ራሷ ግን ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አንድም ሌሊት ሆቴል አድራ አታውቅም ነበር። ልጇ ፋና ለሥራ ወደ ቻይና ስትሄድ "እማዬ፣ አንቺም ትመጫለሽ፤ ሆቴል ቡክ አድርጌያለሁ፣ ባሕሩ አጠገብ ነው" ስትላት እሺ ያለችው ቻይናን ልይ ብላ አይደለም። አንድ ጊዜ እንኳ እንግዳ መሆን አምሯት ነው።

ፋና ሄትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አስጠነቀቀቻት።

"ፕሮሚስ አድርጊልኝ። ምንም ነገር ክሊን አታደርጊም። ሆሊዴይ ነው!"

"ምን በወጣኝ!" አለች አልታየሽ።

ሆቴሉ ከቺንግዳው ከተማ ዳርቻ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ነው። ሊፍት የለውም። አልጋው ደረቅ ነው፤ ከእሱ ሌላ ያለው የውሃ ማፍያ፣ ሁለት የላስቲክ ነጠላ ጫማና አንድ ወንበር ነው። መጋረጃው ሲገለጥ ባሕሩ ይታያል። አልታየሽ ግን መጀመሪያ ያየችው የመታጠቢያ ቤቱን ጥጋ ጥግ ነው። ንጹሕ ነበር። የምታጸዳዋ ሴት ሥራዋን ታውቃለች ብላ ፈረደች።

በማግስቱ ፋና ሥራ ሄደች። አልታየሽ ተጣጥባ እንደ ጨረሰች፣ ልቧ ሌላ ቦታ እያለ፣ እጇ የለመደውን ሠራ። አንሶላውን ገፈፈች፣ የትራሱን ልብስ አወለቀች፣ ጠቅልላም በሩ ሥር አኖረችው። ከዚያ ባሕሩን ለማየት ወረደች። ለንደን እያለች እንዲህ የሚያደርግ እንግዳ ሲያጋጥማት ትመርቀው ነበር።

ስትመለስ አንድ ወጣት አለቃ አንሶላውን ይዞ የእሷ እኩያ የምትሆን የጽዳት ሠራተኛ ላይ ይጮኻል። አልታየሽ ቻይንኛ አታውቅም፤ ማወቅም አላስፈለጋት። እንግዳ አንሶላ ገፎ የሚጥለው ቆሻሻ ቢያገኝ ነው፣ እያለ ነው። እሷም ይህንኑ ንግግር በእንግሊዝኛ፣ ቆማ፣ መሬት መሬቱን እያየች ስንቴ ሰምታዋለች። የምትገባበት ጠፋት።

"እኔ ነኝ!" አለች በአማርኛ። ቀጥላ በእንግሊዝኛ ደገመችው።

አለቃው እንዲተረጉምለት ስልኩን ዘረጋላት። አንሶላው ንጹሕ እንደ ነበር፣ እሷም የሆቴል ጽዳት ሠራተኛ እንደ ነበረች፣ ልማድ ሆኖባት እንደ ገፈፈችው ለስልኩ ቀስ ብላ ነገረችው። ሰውየው አነበበ፤ ሳቅ ብሎ ወረደ። ሴትየዋ አልሳቀችም። አዲስ አንሶላ ይዛ ገባችና ለአልታየሽ ወንበሩን አሳየቻት።

አልታየሽ አንዱን ጫፍ ልትይዝላት ተነሣች። ሴትየዋ በአይበሉባዋ ገፋ አድርጋ መለሰቻት። ቁጭ አለች። እጆቿን የምታደርግበት ቢጠፋት ጉልበቷ ላይ ጫነቻቸው። በዕድሜዋ እንደዚያ የከበዳት ሥራ የለም። ሴትየዋ ስትጨርስ የግርጌው አንዱ ጥግ ላላ ብሎ ቀርቶ ነበር። አልታየሽ አየችው። ሴትየዋ ከወጣችም በኋላ ብዙ ጊዜ አየችው።

ለንደን፣ ኪልበርን ወዳለው ቤታቸው ሲመለሱ፣ በለንደኑ ሆቴል ለዓመታት አብራት የሠራችው ሳባ ልትጠይቃት መጣች።

"ባሕሩስ እንዴት ነው?"

"ባሕሩ ጥሩ ነው። አልጋ አነጠፉልኝ፣ ሳባዬ። እኔ ቁጭ ብዬ።" ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሳባ ወንበሯን ወደ እሷ ሳብ አደረገች።

"ጥጉንስ አስተካክለውታል?"

"አንደኛው ላልቶ ነበር" አለች አልታየሽ። "እንዲሁ ተኛሁበት።"